ዝም ሲባል የሚጽፈው

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017

ዛሬ ቢሮ ውስጥ የጎረቤታችንን የእትዬ ዙሃራን ዱዓ ስክሪን ላይ አየሁት።

ይኸው ጻፍኩት። ለማንም መናገር ስለማልችል ይህን ደብተር ከእማ ሳጥን ሥር አወጣሁት። የኮሌጅ ደብተሬ ነው፣ ግማሹ አካውንቲንግ ነው። እማ ጋ ከተመለስኩ ወዲህ አዲስ ነገር የመግዛት አመል ትቻለሁ። ከየት ተመለስሽ፣ ለምን ተመለስሽ የሚለው እዚህ አይጻፍም። ያ ሌላ ነገር ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሲስተሙን የሚሠራው ልጅ፣ ሞቱማ፣ አዲሱን ሞዴል ሊያሳየን ሰበሰበን። ሰው በአማርኛ ሲናገር እየሰማ የሚጽፍ ነው። ድርጅታችን የሚሠራው እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ የሚማርበትን ድምፅ ከሰው አሰባስባለሁ። አለቃችን ዓባይነህ ስለ ክረምቱ የሆነ ያልሆነውን ተናገረ፣ ሲስተሙ ጻፈ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ መብራት ሄደና ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁላችንም ዝም አልን። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ ማይኩም ክፍት ነበር። ማንም ትንፍሽ ሳይል ስክሪኑ ላይ ፊደል መውረድ ጀመረ።

«ያ ረብ፣ ጡቴ ላይ ያለውን አንተ ታውቃለህ። ራኒያን ሳልድር አትውሰደኝ። እኔ ባሪያህ ዙሃራ።»

ዓባይነህ ሳቀ። ሲስተማችን መጸለይ ጀመረ አለ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል። ከዚያ ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በተሰበረው መስኮት ዝናብ ገብቶ ደረጃው እርጥብ ነበር፤ ቀሚሴ እስኪርስ አላወቅኩትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዙሃራ አለ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ራኒያ የምትባል ልጅ ያላት ስንት ዙሃራ አለ?


ዓርብ፣ ሐምሌ 4

እንዴት እዚያ እንደገባ ልጻፈው። ሲጻፍ ምናልባት ያን ያህል ላይከፋ ይችላል።

ሚያዝያ ላይ ዓባይነህ የሴት ድምፅ አነሰን፣ ያለውም የንባብ ድምፅ ነው አለ። እውነቱን ነው። ሰው ወረቀት ሲሰጡት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል። ቤት ውስጥ እንደሚወራው የሚወራ ድምፅ አምጪ ተባልኩ። እማና የሰፈሩ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ሐጂያ ዘኪያ ቤት ለዱዓ ይሰበሰባሉ። አሥራ አንድ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ፣ ጌጃ ሰፈር ግን ከእኔ ዕድሜ በላይ የኖሩ። መጀመሪያ ወሬ ነው፣ ከዚያ ዱዓ። በዱዓው ላይ እያንዳንዷ ሐጃዋን፣ የጨነቃትን ነገር፣ ድምፅዋን አውጥታ ትናገራለች፤ ሌሎቹ አሚን ይላሉ። የዚያ ቤት ሕግ አንድ ናት። ዱዓ ላይ የተሰማ ነገር ከበሩ አይወጣም። ለተናገረችው ለራሷ እንኳ መልሶ አይነሳባትም። ያ ነገር እንዴት ሆነልሽ ተብሎ አይጠየቅም። የተነገረው ለአላህ ነው፤ እነሱ የሰሙት አሚን ለማለት ነው።

ሳልጠይቅ አልቀዳሁም። ሐጂያ ዘኪያን ኮምፒውተር አማርኛ የሚማርበት ድምፅ እፈልጋለሁ፣ ለሥራዬ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ሁሉም ባሉበት እጃቸውን ዘርግተው የዚህች ልጃችን እንጀራ ይባረክላት፣ ድምፃችንም ይጥቀማት አሉ። ቤቱ በአንድ አፍ አሚን አለ። እዚያ ቤት አሚን የተባለ ነገር አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንቺስ? አንቺስ? እያሉ አንድ በአንድ መጠየቅ ነውር ነው፤ አሚንሽን አላመንኩትም እንደማለት ነው። ስለዚህ የፈቃድ ቅጹን ለሁሉም «ተስማምተዋል» ብዬ ሞላሁ።

የሚቀዳው ስልኬ ትራሱ ላይ ነበር። ወሬው አልቆ ዱዓው ሲጀመርም እዚያው ነበር። በዱዓ መሀል ብድግ ማለት ደግሞ አይቻልም።

አሚን ብለዋል። ፈቃድ ከዚህ በላይ ምንድን ነው?


ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሞቱማን እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። አንድ ሰው ድምፄን አውጡልኝ ቢል ይወጣል ወይ? ፋይሉን ማጥፋት አፍታ አይወስድም አለኝ። ሞዴሉ ከፋይሉ የተማረውስ? አሰበና «ጨው ወጥ ውስጥ ከሟሟ በኋላ እንዴት ታወጪዋለሽ? ወጡን ደፍቶ እንደገና መሥራት ነው» አለ። እንደገና ማለት ሳምንታት ነው። ዓባይነህ ይህን ቢሰማ እኔን ነው የሚደፋኝ።

ማንም ሳይናገር ለምን ይጽፋል አልኩት። የሴት ድምፅ ስላነሰ የእኔን ፋይሎች ደጋግመው ነው የመገቡት። በእኔ ቅጂ ውስጥ ደግሞ ከንግግር በፊትና በኋላ ረጅም ረጅም ዝምታ አለ። ሞዴሉ ዝምታውን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ተማረው። አሁን ጸጥ ሲል የሚመጣለት እሱ ነው።

ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚይዝ ማጣሪያ ላስገባበት አለኝ። የማን ድምፅ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ይደፈናል እንጂ አይወጣም ማለት ነው። ይሁን። ይደፈን።

ፋይሎቹን ዛሬ በተራ አየኋቸው። ሰባተኛው የእማ ነው። አልከፈትኩትም። ያኔም ተራዋ ሲደርስ ውሃ ላመጣ ጓዳ ገብቼ ስለነበር ምን እንዳለች አላውቅም። ምን ብዬ እከፍተዋለሁ?


ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

በጥድፊያ። ባንኩ ተስማማ። ነሐሴ አጋማሽ ሜክሲኮ ባለው ኮል ሴንተራቸው ሙከራ ይጀመራል። ደንበኛ ሲናገር ሲስተሙ ይጽፋል፣ ስልክ የምታነሳው ልጅ ታያለች። ዓባይነህ ኬክ ገዛ። ኮንትራቴ ቋሚ እንደሚሆን ሰው ሁሉ ፊት ተናገረ።

የእትዬ ዙሃራ ራኒያ የምትሠራው እዚያ ነው። ስልክ አንሺ ናት።

የእኔን ኬክ በሶፍት ጠቅልዬ ለእማ አመጣሁላት።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ከተክለ ሃይማኖት ስመለስ ራኒያን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ጃንጥላዋ ሥር አስገባችኝና እስክንሳፈር አፏ አላረፈም። ኒካው፣ የጋብቻው ውል፣ ከመውሊድ በኋላ ነው። ፈሀድ፣ እጮኛዋ፣ የጨርቅ ሱቃቸውን እያሳደሰ ነው። እናቷ የሰርጉን ልብስ ሁሉ ራሴ ካልሰፋሁ ብላ ሙጭጭ ብላለች፤ ሰርጉ አከሳት አለችኝ። ሰርጉ!

ከዚያ እየሳቀች የእናንተ ሲስተም ሊመጣልን ነው አሉ አለች። ደንበኛ የሂሳብ ቁጥሩን ወረቀት ለወረቀት ሲፈልግ እነሱ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። «ግማሽ ቀናችን እኮ ዝምታ ነው» አለችኝ።

ቤት ስገባ እማ ምን ሆነሽ ነው የገረጣሽው አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት። ብርድ ለሁሉም ነገር ይሆናል።

ማጣሪያው አለ። ማጣሪያው አለ እኮ።


እሑድ፣ ሐምሌ 13

እትዬ ዙሃራ በራፏ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች፤ ጠዋት ሳልፍ አየኋት። አንቱ ስላት ትቆጣለች፣ ጀርባዬ ላይ ሸንተሽ አድገሽ ነው ዛሬ የምታስረጂኝ ትለኛለች። ግራ እጇን ብዙም አታነሳም። ከጎኗ አንድ ጠርሙስ ማር ነበር። ማሩን ያመጣችው ከዱዓ ሴቶች አንዷ ናት። ባለፈው ሳምንት ሌላዋ ልብሷን አጥባላት ሄደች። ማንም ለምን እንደሆነ አይናገርም፣ እሷም ለምን አትልም። የሚያውቁት እንዲህ ነው።

ሐኪም ቤት አልሄደችም። ልጄን ሳልድር ብላለች፤ ሰርግ ቤት ሕመም አይወራም።

አንዳንዴ እንዲያውም ወጥቶ ራኒያ ብትሰማው ይሻላል እላለሁ። ሐኪም ጋ ትወስዳት ነበር። ስለዚህ እኔ ምናልባት ጠቅሜያታለሁ። ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው አፈርኩ። በሰው ቁስል እንጨት የሚሰድ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ባንኩ የፈቃድ ማስረጃ ስለጠየቀ ዓባይነህ ጠበቃ ጠራ። ወይንሀረግ ትባላለች። ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ሴት ናት። የእኔን አሥራ አንድ ቅጽ አየች። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፊርማ። እንዴት ነው አለችኝ። ስለ አሚኑ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

በግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ፈቃድ የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው አለችኝ፤ አንዷ ለሌላዋ መፍቀድ አትችልም፣ የቱንም ያህል ሐጂያ ብትሆን። ሰውየው ድምፁ ለምን እንደሚውል ገብቶት መሆን አለበት። የጤናና የሃይማኖት ነገር ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። የፈቀደም ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ተውኩት ማለት ይችላል። ከዚያ ቅጂዎቹ ውስጥ የጤና ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ወሬ ነው አልኳት። የሴቶች ወሬ።

ስትወጣ ዓባይነህ ጠራኝ። በዚህ ሳምንት ፊርማ አምጪ፣ ነገሩን አታወሳስቢው፣ የሰፈርሽ ሰዎች አይደሉ እንዴ አለ። ቋሚ ደብዳቤሽን እያጻፍኩ ነው አለ ደግሞ።

ቋሚ ከሆንኩ አንዲት ክፍል እከራያለሁ። እማ ሌሊት ስገላበጥ መስማቷን ታቆማለች።


እሑድ፣ ሐምሌ 20

በጭቃው ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

አብዛኞቹ ሳያነቡ ፈረሙ። እኔም አላነበብኩላቸውም። አንዷ አሚን ብለን የለም እንዴ፣ ምነው ደግማ ደጋግማ አለች። ሐጂያ ዘኪያ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆዩና «አሚን ይፈረማል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። የቢሮ ነገር ነው ሐጂያ፣ ወግ ነው አልኳቸው። ፈረሙልኝ። ፊታቸው ግን ተቀየረ።

እትዬ ዙሃራ ጋ ስደርስ የራኒያን ቬሎ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። ለሥራዬ ነው አልኳት። መቀሷን አስቀመጠች፣ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች፣ የት ጋ አለች። አሳየኋት። ዙሃራ ብላ በትልልቁ ጻፈች፤ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈቷ ነው።

ከዚያ አላህ ከፍ ያድርግሽ አለችኝ።

ጨርሻለሁ። በሕጉ ጨርሻለሁ።

የእማ ብቻ ቀረ። ነገ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

የእማ አሁንም ቀረ። ዓባይነህ አሥር ይበቃል፣ አንዷን ፋይል ለጊዜው አቆያት አለ።

እንቅልፍ የለኝም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲያባራ ያ ጸጥታ ይመጣና እጠብቃለሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ ግድግዳው ላይ ፊደል ሊወርድ ይመስል።

እማ ዛሬ ከዱዓ ስትመለስ ዙሃራ አንቺን ልጄ ቁም ነገረኛ ሆነች እያለች ስታመሰግን ነበር አለችኝ። ይህን ስትለኝ ዓይኔን እያየች ነበር። እማ ሰው ስታይ ቶሎ አትለቅም።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

ዛሬ ባንኩ ጋ ለሠራተኞቹ ሥልጠና ሄድን።

ራኒያ እኔን ስላየች ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ሞቱማ ማዳመጫውን ሰጣት። የባንኩ አንድ ሰው ከሌላ ክፍል እንደ ደንበኛ ሆኖ ደወለ። ተናገረ፣ ተጻፈ፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ሰውየው ቁጥሬን ልፈልግ ብሎ ስልኩን አስቀመጠው። ዝም። ማጣሪያው አለ እያልኩ በልቤ እቆጥራለሁ። ምንም አልጻፈም። ትንፋሼ ሊመለስ ሲል ስክሪኑ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ብቅ አለ።

«ራኒያን ሳልድር»

ማጣሪያው ሙሉዋን ዓረፍተ ነገር እንጂ ስብርባሪዋን አያውቃትም።

ራኒያ ዞር ብላ ሳቀች። እንዴ፣ ይሄ ነገር ስሜን ማን ነገረው አለች። ሊድረኝ ነው እንዴ አለች። ጓደኞቿም ሳቁባት፣ ማሽኑ እንኳ ሰርግሽን ሰምቷል አሏት። እሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ቀስ ብላ አቆመችና እኔን አየችኝ። ብልጭታ ናት፣ ከዚያ በላይ አልቆየችም። እኔ ኬብል የምጠቀልል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? የእሷ እናት ካፏ ያወጣችው ለአንድ ለሚሰማት ጌታ ነበር። ወደ አፋፉ የወሰድኩት እኔ ነኝ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ነገርኳት።

ከሥራ ቀርቼ ጠዋት ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር ሲንጀሯን ወደ ውስጥ አስገብታ ነበር። በርጩማ ሳብ አድርጋ አስቀመጠችኝ፣ ሻይ ልትቀዳ ስትል እጇን ያዝኩት። ስልኩ ክፍት እንደነበር፣ ቢሮ ውስጥ ስክሪን ላይ ምን እንደወጣ፣ ሰዎቹ እንደሳቁ፣ ትናንት ራኒያ ፊት ምን እንደተጻፈ፣ ያስፈረምኳት ወረቀት ምን እንደሚል፣ ሁሉንም። ምንም አላስቀረሁም። ሲንጀሯ ጋ ተመልሳ ተቀምጣ ነበር፤ ስነግራት መርገጫውን መርገጧን አላቆመችም፤ ጨርቁ ግን አልቆ መርፌው ባዶውን ነበር የሚሰፋው።

ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። መርገጫውን አቆመች።

«ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሴት ይሰማኛል» አለች። «አንዷ እንኳ በዓይኗ ነክታኝ አታውቅም።»

ከእግሯ ሥር የወደቀውን ክር ለቀምኩ።

«ያ ማሽን ሲሰማኝ አሚን ይላል?»

«አይልም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ሊሆንለት ሰማኝ?»

ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ ይህን ሥራ! ለሰው፣ ለዘመድ፣ ለስብሰባ፣ ኮምፒውተር ቋንቋችንን ካልተማረ ወደኋላ እንቀራለን እያልኩ። አሁንም አምንበታለሁ። ለእሷ ግን የምለው ጠፋኝ።

አውጪልኝ አለች። አይወጣም የሚሉኝ ከሆነ ደፍተው ይሥሩት አልኳት፤ የሞቱማን የወጥ ነገር ነገርኳት። ገባት፤ ከእኔ በፊት ገባት። ፊርማዬንም መልሺልኝ አለች። ከዚያ የራኒያን ቬሎ በአንሶላ ሸፍና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ልጄ ከባንክ ስክሪን ከምትሰማ ከእናቷ አፍ ትስማ አለች። ለእኔ አይደለም የተናገረችው፣ ለራሷ ነው።

ስወጣ አልሸኘችኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልሸኘችኝ ዛሬ ነው።


ዓርብ፣ ነሐሴ 2

የእትዬ ዙሃራን ድምፅ ይውጣ የሚለውን ማመልከቻ ወይንሀረግ አብራኝ አረቀቀች። ወሬ ነው ብዬ እንደዋሸኋት ነገርኳት። እንደጠረጠርኩ ታውቂያለሽ አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዓባይነህ ጠረጴዛውን መታ። ሴትዮዋ ፈርማለች አይደል እንዴ አለ። ወይንሀረግ ሳይገባት ነው የፈረመችው፣ ገብቷት ቢሆንም ትታዋለች፣ ሕጉ ይፈቅድላታል አለችው። እኔን አየኝ። ተኝታ የነበረችን ሴት ሄደሽ የቀሰቀስሻት አንቺ ነሽ አለኝ። ይህቺ ንግግር ልቤ ውስጥ ቀርታለች፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል እውነት ናት። በሌላ በኩል ግን አልተኛችም ነበር። ልጇን ሳልድር እያለች ማን ይተኛል?

ሞቱማ ሳይጠየቅ ተናገረ። የእኔ ቅጂዎች ሳይገቡ በፊት፣ የመጋቢቱ ሞዴል ተቀምጧል፤ ወደዚያ መመለስ ይቻላል፤ የሴት ድምፅ ላይ ይደክማል፣ ሙከራውም ይራዘማል፣ ግን ንጹሕ ነው። ዓባይነህ ብዙ ተሟገተ። በመጨረሻ ባንኩ ይህን ኋላ ላይ ከጋዜጣ ከሚሰማ ይራዘም አለ። ቋሚ ደብዳቤዬ ግን አብሮ አይራዘምም፤ ኮንትራቴ ከጳጉሜ አያልፍም።

ሞቱማ አሮጌውን ሲያስነሳ አጠገቡ ቆምኩ። ማይኩን ከፈተና ሁለታችንም ዝም አልን። ውጪ ባቡሩ አለፈ። ስክሪኑ ነጭ እንደሆነ ቀረ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሌሎቹንም ቅጂያችሁ ይቆይ ወይስ ይውጣ ብዬ እንደገና እየጠየቅኩ ነው። በዚህኛው ዙር እያነበብኩላቸው፣ አንድ በአንድ፣ በር ዘግቼ። ሥራው አይደለም ያዘዘኝ።

አንዷ የእኔን ተዪው፣ ኮምፒውተር ሰማው ብሎ አላህ አይቆጣም፣ ስለ አማቴ ያልኩትን ብቻ አውጪልኝ አለች። ሳላስበው ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። አራቱ አውጪ አሉኝ። አንዷ በሯን አልከፈተችልኝም።

ሐጂያ ዘኪያ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አዩኝ። በሰው አፍ አሚን ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የጋራ ነው አሉ። ዛሬ ማታ ዱዓ ከመጀመሩ በፊት ስልክ ያላችሁ ሁሉ እዚህ ብለው ቅርጫት በር ላይ አስቀመጡ። እኔ አልገባሁም። እማ ነች የነገረችኝ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

እትዬ ዙሃራ ለራኒያ ነግራታለች። ማድ ቤት ውስጥ ነው አሉ፤ ሽንኩርት እየከተፉ። ራኒያ በነጋታው ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዷል፣ ውጤቱ ገና ነው። ኒካው ከተባለው ቀን ቀድሞ ያለ ድግስ ታሰረ። ፈሀድና እናቱ እትዬ ዙሃራ ቤት ድረስ መጡ፤ ቬሎው ሳይለበስ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ራኒያ አታናግረኝም። ሜክሲኮ ጋ አየኋት፣ ጃንጥላዋን ወደ እኔ አዞረችው። ልክ ናት። እኔም ብሆን።

ውጤቱ ምን ይሆን? ማንንም መጠየቅ አልችልም። የዱዓ ሴቶቹ ያላቸውን ያህል መብት እንኳ የለኝም። አሚን ብቻ እላለሁ፣ ከዚህ ሆኜ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ነገ የመውሊድ ዋዜማ ነው። እማ ምስር ትለቅም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«የመጨረሻዋ እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

አነበብኩላት። ቅጂው ለምን እንደተፈለገ፣ ማን እንደሚሰማው፣ እምቢ ማለት እንደምትችል። እስክጨርስ ምስሯን ለቀመች።

«እምቢ» አለች። «ለአላህ ነው የነገርኩት። ለኮምፒውተርሽም አይደለም፣ ለአንቺም አይደለም።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ቀና ሳትል ስልክሽ ትራሱ ላይ ሲበራ አይቼዋለሁ አለችኝ። እኔ ስጀምር ብድግ ብለሽ ጓዳ ገባሽ፣ ስልክሽን ግን አላነሳሽም።

ስልኬን አወጣሁ።

ሰባተኛውን ፋይል አምጥቼ ፊቷ አጠፋሁት። ሰምተሽዋል ወይ አለች። አልሰማሁም አልኳት፤ እውነቴን ነው፤ አመነችኝ። እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሳች።

የሰው ዱዓ አይወጣም፣ የራሷን ግን ባለቤቷ ታወጣዋለች አለች። «ልጄ ባሏ ቤት ምን እንደሆነች አንድ ቀን አልነገረችኝም። የምትናገርበት አፍ ስጣት፤ እኔ ባልሆን እንኳ የምትነግረው ሰው ስጣት፣ ነው ያልኩት።»

ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ሰው አናገርኩ በዚህ ዓመት! የስንቱን ድምፅ ሰበሰብኩ!

ስልኬን ጓዳ አስቀምጬ መጣሁ። ሰፌዱን ወደ እኔ ሳብ አደረገችልኝ። ምስሩን አብረን እየለቀምን መናገር ጀመርኩ። ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፈውም።